የእንዶዱ ሊቅ
የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ሥራ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች እንዶድን የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በአጥር ሥር፣ በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ ተጠማዞ ይበቅላል። ፍሬው ሲደርስ ይሸመጠጣል፣ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከዚያም አረፋው ጋቢና ነጠላ ያነጣል። ሳሙና በየሱቁ ከመደርደሩ በፊት እናቶቻችን የበዓሉን ልብስ ያጠቡት በዚሁ ነው። ቀንድ አውጣም ቢሆን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ክረምት ሲገባ በጓሮው ጎመን ላይ እናየዋለን፤ በወንዝ ድንጋይ ላይ ተለጥፎም እናገኘዋለን፤ አይተነውም እናልፋለን።

እነዚህን ሁለት የተናቁ ነገሮች ጎን ለጎን አይተው ለሕዝብ ጤና የሚበጅ እውቀት ያወጡ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነበሩ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። ይህ ጽሑፍ የእርሳቸውን ሕይወትና ሥራ በአጭሩ ለማስታወስ የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ትውልድና ትምህርት

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1935 በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል፣ በሐረርጌ ምድር ነው። ጊዜው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ለመውረር በድንበር ላይ የተሰናዳበት ነበር፤ ስለዚህ የልጅነታቸው የመጀመሪያ ዓመታት ያለፉት በወረራው ዘመን ነው። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ከተማሩትና ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ሆኑ። በአሜሪካ ሲማሩ ቆይተው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። የመረጡት የጥናት መስክ በሰውና በእንስሳት ገላ ውስጥ ገብተው በሽታ የሚያመጡ ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚመለከት ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተባለው) ማስተማር ጀመሩ። ይሁን እንጂ ከመማሪያ ክፍሉና ከቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻ ተቀምጠው አልቀሩም። በሽታው ወዳለበት አገር መውረድ ነበረባቸውና ወረዱ።

ቢልሃርዚያና ቀንድ አውጣ

የዶክተር አክሊሉን ሥራ በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ስለ በሽታው ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ ስሙን ያገኘው በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን በሰው ሬሳ ውስጥ ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ በሰው ሆድ ዕቃ ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ እንቁላሉም ከሰገራ ጋር ይወጣል። በሀገራችን ቆላማ ስፍራዎች፣ ለምሳሌ በአዋሽ ሸለቆ፣ ከሽንት ጋር የሚወጣ ሌላ ዓይነትም አለ። በሽተኛው ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ይይዘዋል፤ ሲቆይ ጉበቱና ጣፊያው ያብጣሉ። ሕፃናት ደግሞ ደማቸው ያንሳል፣ ዕድገታቸው ይቀጭጫል፣ ትምህርትም አይገባቸውም።

ታዲያ ትሉ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚያልፈው እንዴት ነው? ሜዳ ላይ የተጣለው ሰገራ በጎርፍ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ እንቁላሉ በውሃው ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለችው በዓይን የማትታይ ነፍሳት በቅርብ የሚስማማትን ቀንድ አውጣ ካላገኘች ጥቂት ሰዓት ብቻ ቆይታ ትሞታለች። ካገኘች ግን ሰውነቱ ውስጥ ገብታ ትራባለች። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በሺሕ የሚቆጠሩ ደቂቅ ትሎች ከቀንድ አውጣው እየወጡ ወደ ውሃው ይበተናሉ። ልጅ ሲዋኝ፣ ገበሬ ወንዝ ሲሻገር፣ ሴት ልብስ ስታጥብ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳ በስተው ይገባሉ። ቀንድ አውጣ የበሽታው ድልድይ መሆኑን መጀመሪያ በ1913 ያረጋገጡት የጃፓን ሊቃውንት ናቸው። ድልድዩ ከተሰበረ በሽታው አይሻገርም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለወደፊት መምህራን የሚጠቅም አንድ ማስታወሻ እንጨምር። ቀንድ አውጣ ሁሉ ጠላት አይደለም። በየብስ የሚኖረው፣ ጎመን የሚበላው የጓሮ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያን አያስተላልፍም። አስተላላፊዎቹ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ከሚኖሩት መካከል ጥቂት ዓይነቶች ብቻ ናቸው። የሆድ ዕቃውን ቢልሃርዚያ በሀገራችን የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ የተባለው ነው። ቅርፊቱ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ሲሆን ስፋቱ ከጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የሽንቱን ዓይነት የሚያስተላልፈው ቡሊነስ ግን ሾጠጥ ያለ ነው፤ ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እኛ አድርገን ብንይዘው አፉ በግራ በኩል ይገኛል። ሁለቱም የሚወዱት ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ሣርና ቅጠል ያለበት፣ ሞቅ ያለ ውሃ ነው።

የአድዋ ወንዝ

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። ሥራቸው በከተማይቱ ወንዞች ውስጥ የቀንድ አውጣዎችን ብዛትና ዓይነት መመዝገብ ነበር። በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች እንደ ወትሮው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው ነበር። ከፍ ብሎ፣ አረፋው ባልደረሰበት በኩል ግን፣ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ።

ብዙ ሰው ይህንን ዓይቶ አልፏል። እርሳቸው ግን ቆሙ። ልብስ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ለመኑና የእንዶዱን አረፋ በዕቃ ተቀበሉ፤ ከላይኛው ወንዝ በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ለቅመውም ጨመሩበት። ቀንድ አውጣዎቹ ጥቂት ሳይቆዩ ሞቱ። ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። ለዚያ የመጀመሪያ ሙከራ ማይክሮስኮፕም ሆነ ከውጭ የመጣ መሣሪያ አላስፈለገም፤ አንድ ዕቃ፣ ጥቂት አረፋና ጥያቄ በቂ ነበር። ልብ ብለን ካየነው ላይኛው ወንዝና ታችኛው ወንዝ ራሳቸው በሳይንስ ትምህርት የምናስተምረው ማነጻጸሪያ ናቸው፤ ውሃው አንድ፣ ቀንድ አውጣው አንድ፣ ልዩነቱ እንዶዱ ብቻ!

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ነገሩን በቤተ ሙከራ በጥንቃቄ መረመሩ። የደረቀው የእንዶድ ፍሬ ተፈጭቶ በውሃ ሲበጠበጥ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም የሚሆነው ብቻ በአንድ ቀን ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል ታወቀ። ኃይሉ የሚመጣው አረፋ ከሚሰጠው ሳፖኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በኋላ በአሜሪካ የሚገኙ ኬሚስቶች ይህን ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡት በዶክተር አክሊሉ የአባት ስም ለማቶክሲን ብለው ጠሩት። በዚያን ጊዜ በዓለም ገበያ የነበረው የቀንድ አውጣ መርዝ በፋብሪካ የሚሠራና በውድ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር። እንዶድ ግን በየአጥሩ በነጻ ይበቅላል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ አይደለምን?

ከግኝት ወደ ሥራ

ግኝት ብቻውን ሕዝብ አያድንም። ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ እስከ 1976ም በኃላፊነት መሩት። ኢንስቲትዩቱ በእንዶድ ላይ ብቻ አልቆመም፤ በደጋው አገር ፊትን የሚያበላሸውን፣ በብዙ ስፍራ ቁንጭር የሚባለውን በሽታ ጭምር አጥንቷል።

በ1969 በአድዋ አምስት ዓመት የፈጀ ትልቅ ሙከራ ተጀመረ። በከተማይቱ ወንዞች ውስጥ የተፈጨ እንዶድ በየጊዜው ይጨመር ነበር። የየጊዜው መደጋገም ምክንያት አለው። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ወንድም ሴትም በአንድ ገላ ናቸው፤ አንድ ብቻውን የተረፈ ቀንድ አውጣ ራሱን አስረግዞ ወንዙን እንደገና ሊሞላው ይችላል። እንዶድ ደግሞ በውሃ ውስጥ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ኃይሉ ይጠፋል። ይህ ለወንዙ ጤና መልካም ቢሆንም ሥራውን በትዕግሥት መመላለስ ግድ ያደርገዋል።

ውጤቱስ? ከሙከራው በፊት ከነዋሪው 63 በመቶ የሚሆነው በበሽታው ተይዞ ነበር፤ በመጨረሻው ወደ 33 በመቶ ገደማ ወረደ። ከስድስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሕፃናቱ ቁጥር ለምን ይበልጥ እንደሚነግረን እናስተውል። በትልልቆቹ ሆድ ውስጥ የቆየው ትል ለብዙ ዓመት ስለሚኖር ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም። ሕፃኑ ግን ከወንዙ ጋር የተዋወቀው በቅርቡ ነው፤ እርሱ ካልተያዘ ወንዙ ጸድቷል ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ዶክተር አክሊሉ ብቻቸውን አልነበሩም። የእርሻ ሊቁ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የሀገራችን ክፍል የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ተክለውና አነጻጽረው፣ ፍሬው የበዛና ኃይሉ የበረታ አንድ ዘር መረጡ። ይህም ዓይነት 44 በመባል ይታወቃል። የአድዋ ሴቶችም እውቀት ከዚህ ተለይቶ የሚታይ አይደለም፤ ነገሩ የጀመረው ከእነርሱ እጅ ነውና።

አለመታመን

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ያሰኛል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ያሳዝናል፤ የሚያስተምረውም እሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ውጤታቸውን ይዘው በዓለም መድረክ ሲቀርቡ የጠበቃቸው ጥርጣሬ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንዶድ ለሰው፣ ለከብትና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው ዓለም አቀፍ ደንብ በሚያዝዘው መንገድ በታወቀ ቤተ ሙከራ ካልተመረመረ አንቀበልም አሉ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው፤ መርዝ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ችግሩ ሌላ ነበር። ምርመራው እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ሰጪዎች ደግሞ ምርመራው ሳያልቅ ገንዘብ አንሰጥም ይላሉ። ዶሮዋ እንቁላሉን፣ እንቁላሉም ዶሮዋን ሲጠብቁ ዓመታት አለፉ።

ዶክተር አክሊሉ በ1976 ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሄደው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ፣ በኋላም ፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የሕፃናት መርጃ ድርጅት የጥናት ማዕከል በምክትል ዲሬክተርነት አገልግለዋል። እንዶድን ግን አልተዉም። በየስብሰባው እየተነሡ ከበሽታው የከፋው ችግር አፍሪካዊ ሊቅ በአፍሪካ ምድር የሠራው ሳይንስ አለመታመኑ መሆኑን ያስረዱ ነበር። በ1986 ስዋዚላንድ ውስጥ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከልም ገንዘብ ሰጥቶ የሚፈለገው ምርመራ ተካሄደ፤ እንዶድም በተገቢው መጠን ከተሠራበት ለሰውና ለከብት የሚያሰጋ እንዳልሆነ ታየ። ከአድዋ ወንዝ እስከዚያ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የስዊድን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

የሰሜን አሜሪካ ዛጎሎች

በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ፣ እንደ ሜዳ አህያ ሽንትር ያለበት ትንሽ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ታየ። ይህም የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ሞለስክ ከሚባለው ለስላሳ ገላ ካላቸው እንስሳት ወገን ናቸው። ዛጎሉ እየተራባ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ ይዘጋ ጀመር። ዶክተር አክሊሉ በ1990 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ወደሚገኘው ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ በሄዱ ጊዜ ስለዚህ ጣጣ ሰሙ፤ ከዩኒቨርሲቲው ሊቃውንት ጋር እንዶድን ሞከሩት፤ ሠራ።

ይሁን እንጂ በ1993 የተሰጠው የፈጠራ ባለቤትነት መብት የተመዘገበው በዩኒቨርሲቲው ስም ነው። የአድዋ እናቶች ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት እውቀት በባሕር ማዶ መዝገብ ሲገባ የባለቤቶቹ ድርሻ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በብዙ አገር አከራከረ። ኢትዮጵያ በ2006 የዘረ መል ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አጠቃቀምን የሚወስን አዋጅ ቁጥር 482ን አውጥታለች። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ወርቅ መሆኑን ባዕድ ሲነግረን መንቃት ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ዶክተር አክሊሉ በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋምም አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል።

ለእኛስ?

እውነቱን ለመናገር እንዶድ ዶክተር አክሊሉ እንዳሰቡት በየወንዙ ሥራ ላይ አልዋለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ሲመጣ የዓለም ዓይን ወደ ክኒኑ ዞረ፤ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚታደለው እርሱ ነው። መድኃኒቱ በሆድ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ወንዙን አያጸዳም፤ ልጁ ነገ ተመልሶ ሲዋኝ ይያዛል። ስለዚህም የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒቱ ጎን የቀንድ አውጣ ቁጥጥርም እንዲደረግ መክሯል። የአክሊሉ ሐሳብ ጊዜው አላለፈበትም ማለት ነው።

በመካነ ሰላም ደጋ ላይ ብርዱ ለእነዚያ ቀንድ አውጣዎች አይመችም። በሀገራችን በሽታው በብዛት የሚተላለፈው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ግድም በታች ባለው አገር ነው። እኛ ግን ሁላችንም ደጋ ላይ አንመደብም። በወሎ ምድር በሐይቅ፣ በሐርቡና በከሚሴ በሽታው መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። ወደ አባይ፣ ወደ በሽሎና ወደ ወለቃ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ መምህርም ውሃው ሞቃት፣ ልጆቹም ከውሃው የማይጠፉበት አገር ይገጥመዋል።

እዚያ የደረሰ መምህር ምን ማድረግ ይችላል? አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራና ልጆች እንዲጠቀሙበት ማድረግ፤ እንቁላሉ ወንዝ ካልገባ ቀንድ አውጣው ብቻውን ምንም አያመጣም። ሁለተኛ፣ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ልጆች ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ውስጥ እንዳይዋኙ መምከር፤ ደቂቅ ትሎቹ ከቀንድ አውጣው የሚወጡት በዚያ ሰዓት ነው። ሦስተኛ፣ ለገላ መታጠቢያ የተቀዳን ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ከድኖ ሁለት ቀን ማቆየት፤ ትሎቹ ከዚያ በላይ አይኖሩም። አራተኛ፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያለበትን ልጅ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ።

እንዶዱን ግን ማንም ብድግ ብሎ ወንዝ ውስጥ እንዳይጨምር! ዓሣንም ይፈጃል፤ በአፍ ቢወሰድ ለሰውም መርዝ ነው። መጠኑንና ጊዜውን የሚያውቅ ባለሙያ ሲመራው ብቻ የሚሠራበት ነገር ነው። በክፍል ውስጥ ግን በአንድ ጠርሙስ ውሃ ሁለት ቀንድ አውጣ፣ በሌላው ጠርሙስ ሁለት ቀንድ አውጣና ትንሽ የእንዶድ አረፋ አድርጎ በማግሥቱ ልጆቹን ማሳየት ይቻላል። የሚለቀመው እጅን ወንዝ ውስጥ ሳይነክሩ በረጅም ጭልፋ ይሁን፤ የጠርሙሱ ውሃም እጅ አይንካው፣ ሲያልቅ ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ። ልጆቹ ቤታቸው ገብተው እናታቸው እንዶዱን የት እንደምትለቅምና እንዴት እንደምታዘጋጀው ጠይቀው ይምጡ፤ የሚቀጥለው ትምህርት ከዚያ ይጀመራል።